የውሰት ልጅ

ግንቦት 9

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ለአጎቴ ልጅ፣ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ከደጅህ ሳይቆም እስከ ጓዳህ ይግባ። ዓይንህ ክር ከመርፌ ማገናኘት አይሳነው፣ ጉልበትህ አይክዳህ፣ ቤትህም ሰው አይጣ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው ነው፤ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት አንሶላ ማጠብ፣ አንሶላ መተኮስ፣ አንሶላ ማጠፍ። ፀሐይ የማያት ለምሳ ስወጣ ብቻ ነው። አብራኝ የምታጥፈው ሴት ቋንቋዬን አታውቅም፣ እኔም የእሷን አላውቅም፤ ግን የአንሶላውን ጫፍ ስትዘረጋልኝ እጇ የት እንደሚመጣ ስለማውቅ ተግባብተን እንውላለን።

የጠየቅከኝን ወፋፍራም መርፌና የሸራ ቀለበት በዚህ ሳምንት ልኬልሃለሁ። ሻጩ መርፌውን አይቶ "ምን ልትሰፊበት ነው?" ቢለኝ "ወንድሜ ለጭነት መኪና ልብስ ይሰፋል" ብዬው እስኪያለቅስ ሳቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የልጄ የመግቢያ ፈቃድ እየገፋ ነው። ጠበቃው "ዘንድሮ አይቀርም" ብሎኛል። ድንቢጥን የሰባት ዓመት ልጅ ሆና አንተ ዘንድ ትቼልህ ከወጣሁ አምስት ዓመት ሆነኝ፤ ከእንግዲህ በጣት የሚቆጠር ወር ነው የቀረን። ስለዚህ ይህን የትምህርት ቤት እረፍት በካምፕ ከምታሳልፈው የዚህን አገር ቋንቋ ብትማርበት ይሻለኛል። ካምፑ ያንተ እንደሆነ፣ ነፍስህም እዚያው እንደሆነች አውቃለሁና አትቀየመኝ። ግን የላይ ሰፈር ሰዎችም ይመጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እነሱ ባለቤቴን ምን እንዳደረጉት ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጄን እነሱ አጠገብ ማየት አልፈልግም።

ድንቢጥን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። ስደውል "ደህና ነኝ" ብቻ እያለች ስልኩን ላንተ ነው የምታቀብለው። አፍራ ነው መሰለኝ።

እህትህ

&nbsp;

ሰኔ 3

ለእህት ዓለም፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ለምታጥፊውም አንሶላ ሁሉ ሰላም ይሁን፤ የሚተኛበትም በሽተኛ ድኖ ይነሳ። እኔ ወገቤ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ደህና ነኝ። መርፌዎቹ ደርሰውኛል፤ ድንቅ ናቸው። ከሸራው የተረፈውን ክር በጎረቤቴ በፀጉር አስተካካዩ አፍ ላይ ልጨርሰው አስቤያለሁ፤ ምላሱ ከመቀሱ ይበልጣል። ከቻልሽ ደግሞ ሰም የጠጣ ክር ብትልኪልኝ አልጠላም። የዚህ አገሩ ክር ነፋስ ሲያይ ይበጠሳል።

ስለ ካምፑ የጻፍሽውን አነበብኩ። አልተቀየምኩሽም፤ ግን አኩርፌሻለሁ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የተጀመረ ነገር ስለሆነ አላየሽውምና እስቲ እንደማያውቅ ሰው ልንገርሽ። ጡብ ፋብሪካው አፈር ይቆፍርበት የነበረው ገደል ዛሬ ሣር አልብሶታል፤ መሃሉ ኩሬ ሆኗል። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአሮጌ የመኪና ሸራ የሰፋኋቸውን ድንኳኖች እንተክልና ሁለት ሳምንት እዚያ እንከርማለን። ልጆች ብቻ አይደሉም፤ አባት፣ እናት፣ አያት፣ ያኮረፈ አማት ሳይቀር ይመጣል።

አንድ ሕግ አለን። ማንም ልጅ በወላጆቹ ድንኳን አያድርም። የመጀመሪያው ቀን ዕጣ ይወጣና እያንዳንዱ ቤት የሌላውን ቤት ልጅ ይረከባል። "የውሰት ልጅ" እንላቸዋለን። ሰው የራሱን ልጅ "አርፈህ ተኛ" ይላል፤ የሰውን ልጅ ግን እግሩ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ እንደሆነ ተነስቶ ያያል። የሰው ልጅ ሲያስነጥሰው እንዴት እንደምንደነግጥ ብታይ! በሦስተኛው ቀን የልጁ እናት "እንዴት አደረልሽ?" ልትል ትመጣለች፤ ትቀመጣለች፤ ሻይ ይቀርባል፤ ከዚያ ወዲያ ማኩረፍ አይመችም።

ከአድማው ወዲህ ይህ ከተማ ምን ሆኖ እንደነበር ታስታውሺያለሽ። ፋብሪካው ገብተው የሠሩት ላይ ሰፈር፣ በር ላይ ቆመን የቀረነው ታች ሰፈር። ለቀብር እንኳ አንጠራራም ነበር። ልጆቻችን ያልኖሩበትን ጠብ ወርሰው ድልድዩ ላይ ድንጋይ ይወራወሩ ነበር። ዛሬ ድልድዩ ላይ ድንጋይ የለም። ባለፈው ዓመት የውሃ ፓምፑ ሲበላሽ የላዩም የታቹም ሰው አንድ ላይ ወርዶ ጠገነው፤ ለምን ብትይ የአንዱ ልጅ የሌላው የውሰት ልጅ ነበራ። ፀጉር አስተካካዩ የላይ ሰፈርን ፀጉር ይቆርጣል። ቢያንስ ጆሯቸውን ገና አልቆረጠም።

የመጀመሪያው ዓመት ዕጣ የወጣለት ሁሉ "ይለወጥልኝ፣ ይለወጥልኝ" እያለ ናላዬን አዞረው። በሁለተኛው ዓመት እኔው ተነስቼ "ዕጣ አይመለስም፤ የሚመልስ በእኔ ሸራ ሥር አይተኛም" አልኩ። ከዚያ ወዲህ ጸጥ። እንግዲህ በገዛ ቤቴ ያለችውን ልጅ አስቀርቼ የሰውን ልጅ በምን አፌ ልጥራ? እባክሽ ፍቀጂልኝ። ቋንቋው የትም አይሄድ።

ጋሼሽ

&nbsp;

ሰኔ 27

ለጋሼ፤

እጅህ ይባረክ፣ ድንኳንህም ለነፋስ አይበገር። እኔ ደህና ነኝ።

ተሸንፌልሃለሁ፤ ትሂድ። አንተን በነገር ማን ችሎህ ያውቃል። ሰም የጠጣውን ክር አግኝቼ ልኬያለሁ።

ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር ስማኝ። ልጄ ባለምድጃው ቤት እንዳትደርስ። ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ። ባለቤቴ በአድማው ምክንያት ከጡብ ምድጃው ሲባረር በማግስቱ ቦታው ላይ የቆመው እሱ ነው። ጓንቱን ሳይቀር የባለቤቴን ነው ያደረገው። ባለቤቴ ከከተማ ከተማ ሥራ ሲለምን ከርሞ ታሞ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን ነው ያየነው። ሰዎቹ ዛሬ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ አልጠየቅኩህም። ዕጣው ወደዚያ ከሄደ መልሰው። የምታወጣው አንተ ነህ፤ ማን ያይሃል?

ለማን እንደወጣች ወዲያው ጻፍልኝ።

እህትህ

&nbsp;

ነሐሴ 8

ለእህት ዓለም፤

ጤናሽ ከእህል ከውሃው ጋር ይስማማ፤ ለአለቃሽም ልብ ይስጠው። እኛ ሁላችን ደህና ነን።

ካምፑ አለቀ፤ እኔም አብሬ ያለቅኩ መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ነፋስ ተነስቶ ትልቁን የምግብ ድንኳን እንደ ጃንጥላ ገለበጠው። ሾርባው ውስጥ የገባውን ሣር ፀጉር አስተካካዩ "ቅመም ነው" ብሎ አስበላን። ድንቢጥ ዋና ተማረች! ኩሬውን ከዳር እዳር ስታቋርጠው ባየሻት። መጀመሪያ አፍንጫዋን በሁለት ጣት ይዛ ነበር የምትዋኘው፤ ታዲያ በምን እጇ ትቅዘፍ? በኋላ ለቀቀችው። ቁመቷ ጨምሯል። አመሏም እየተለወጠ ነው፤ ሲናገሯት ቶሎ አትመልስም፤ አስባ ነው የምትመልሰው። አባቷን መስላለች።

ጥሩ ቤት ነው የወጣላት፤ ሐሳብ አይግባሽ።

ጋሼሽ

&nbsp;

ነሐሴ 29

ለጋሼ፤

ሰላም ላንተ ይሁን።

ፈቃዱ ወጣ! ወረቀቱን ይዤ እየጻፍኩልህ ነው። አንብቤ ሳልጨርስ ደረቴ ላይ ለጥፌው በምድር ቤቱ ኮሪደር ላይ ስሮጥ አለቃዬ እሳት የተነሳ መስሎት ደንግጦ ወጣ። እስከ ጥር መጨረሻ መግባት አለባት። አንተው ንገራት፤ በስልክ ብነግራት ድምፄ ይቆራረጣል። ምን እንዳለች፣ ፊቷ ምን እንደመሰለ አንድ ሳታስቀር ጻፍልኝ። አልጋዋን መስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ልጠይቅህ። "ጥሩ ቤት" ያልከኝ የማን ቤት ነው? ጋሼ፣ እኔ አንተን አውቅሃለሁ። ደብዳቤህን ሦስቴ አገላበጥኩት። ስለ ሾርባው አለ፣ ስለ ነፋሱ አለ፤ እሱ ብቻ የለም። በዚያ ላይ በሕይወትህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ነገር ላኪልኝ ሳትል ጨረስክ። መርፌ እንኳ አልጠየቅከኝም። ከሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው።

እህትህ

&nbsp;

መስከረም 22

ለእህት ዓለም፤

ፈጣሪ ልብሽን ያስፋልሽ፤ ዛሬ ያስፈልግሻል።

ባለምድጃው ቤት ነው የወጣላት።

ዕጣውን ከከረጢቱ አውጥቼ ሳነብ ሁለቱም ሰፈር አፌን ነው የሚያየው። ባለምድጃው ራሱ ኮፍያውን አውልቆ ወደ እኔ መጣና "ጋሼ፣ ካስፈለገ ይለወጥ፤ እኔ አይከፋኝም" አለኝ። ያን ጊዜ እሺ ማለት እችል ነበር። ግን ለስንቱ "አይመለስም" ብዬ ያስለቀስኩ ሰውዬ፣ ለራሴ ሲሆን ልመልሰው? በማግስቱ ካምፕ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። "ዕጣ አይመለስም" አልኩ። ድንቢጥ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ፍራሿን ተሸክማ ሄደች።

በአምስተኛው ቀን የሴት ልጅ ነገር መጣባት። እንዲህ ያለውን ለመጻፍ ብዕሬ ያፍራል፤ አንቺ ግን እናቷ ነሽና ማወቅ አለብሽ። የባለምድጃው ሚስት፣ መናኸሪያ ትኬት የምትቆርጠው ሴት፣ ናት አጠገቧ የነበረችው። ምን እንዳለቻት አላውቅም። ወደ ማታ ሁለቱ ኩሬው ዳር ተቀምጠው ሲሳሳቁ አየኋቸው። እህቴ፣ እኔ ዘንድ ቢሆን ምን ልላት ነበር? ቤቴ ሸራና ሰም የሚሸት፣ ሴት የሌለበት የወንደላጤ ቤት ነው። እስከ ዛሬ ልጅ ነበረች፤ ይበቃት ነበር።

ካምፑ ሲያልቅ ልጅ ሁሉ ወደ ቤቱ ገባ። እሷም ገባች። ትምህርት ሲከፈት ግን ከክፍል እንደወጣች መናኸሪያ መሄድ ጀመረች። ትኬት ቤቷ ውስጥ ጥግ ይዛ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ ከዚያ እነሱ ዘንድ ታመሻለች። አሁን አሁን እዚያው ማደሩን አብዝታዋለች። በስልክ ያልነገርኩሽ ስትደውይ ድንቢጥ አጠገቤ ስለምትሆን ነው። ያለዚያም አልነግርሽም ነበር፤ ፈርቼሽ ነው።

ፈቃዱን ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር። "መቼ ነው?" አለች። "እስከ ጥር" አልኳት። "አልሄድም" አለችና መላጧን ቀጠለች። ፊቷን ጻፍልኝ ብለሽኛል፤ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

ጋሼሽ

&nbsp;

ጥቅምት 14

የአጎቴ ልጅ፤

አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንኩህ። አንዲት ልጅ ነበረች ያለችኝ፤ እሷን ሰው ፊት ላለማፈር አሳልፈህ ሰጠሃት። የሰፈር እርቅህን በራስህ ልጅ አድርገው፤ ልጅ ከሌለህ አታድርገው።

ዛሬውኑ ከዚያ ቤት አውጣት። ሻንጣዋን አዘጋጅ። ሌላ ነገር አትጻፍልኝ።

&nbsp;

ኅዳር 11

ለእህት ዓለም፤

"ጋሼ" ባትይኝም እኔ ያው ነኝ። ጤናሽን ይስጥሽ። ሌላ አትጻፍ ብለሻል፤ እጽፋለሁ። ልጅ የለህም ያልሽኝን አነበብኩት፤ አጥፌም አስቀመጥኩት። እውነት ስለሆነ አልመልስልሽም።

ያልሽኝን አድርጌያለሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት በቀጥታ መናኸሪያ ሄድኩ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። ድንቢጥ ከትኬት ቆራጯ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ካርታ ትስላለች። ሰልፉን ጥሼ በመስኮቱ በኩል "ልጅቱን ልወስድ ነው የመጣሁት፤ እናቷ ጽፋለች" አልኳት። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ መሰለኝ፤ ሰው ሁሉ ዞረ።

ትኬት ቆራጯ ማህተሟን አስቀመጠች። "ውሰዳት እንጂ ጋሼ፤ እኔ መቼ ከለከልኩ? እናቷ ናት እኮ። በየቀኑ 'ለእናትሽ ጻፊ' እያልኩ የምነዘንዛት እኔ ነኝ፤ ጠይቃት።"

"ምን ብዬ ልጻፍ?" አለች ድንቢጥ፤ ከካርታዋ ቀና ሳትል። "ደህና ነኝ ብያለሁ።"

"ተነሽ የኔ ልጅ፤ ሂጂ" አለቻት ሴትዮዋ። አፏ "የኔ ልጅ" ሲል እንዳመለጣት ገባት፤ ፊቷ ቀላ፤ ማህተሟን አነሳችና ባዶ ጠረጴዛውን መታችው።

ከኋላዬ ያለው ሰውዬ "የእኔ ትኬትስ?" አለ። ምን ቸገረው፤ አውቶቡሱ ይሄድበታል።

ማታ ባለምድጃው ልብሷን በከረጢት ተሸክሞ እስከ ደጄ አመጣላት። ግባ ብለው አልገባም። ከረጢቱን ደፉ ላይ አስቀምጦ "ሳል ነበራት፤ አሁን ተሽሏታል" አለኝና ተመለሰ። ምን እንድልሽ ትፈልጊያለሽ? ክፉ ሰው ነው ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር፤ ለእኔም ይቀለኝ ነበር። ለአንቺ ያለኝ ወገንተኝነት አልጎደለም፤ ባልሽን የቀበርኩት በእነዚህ እጆቼ ነው። ግን ያየሁትን አላየሁም ልበል?

ድንቢጥ አሁን እኔ ዘንድ ናት። ትበላለች፤ ትተኛለች፤ ትማራለች። አታኮርፍም፤ እሱ ነው የከፋኝ። ትናንት ሸራ እየያዘችልኝ "ለምንድነው እናትሽ ጋ የማትሄጂው?" ብዬ ጠየቅኳት። እንዲህ ነው ያለችኝ፤ ቃሏን አልቀነስኩም፤ "ደግ ሴት ናት። ግን አላውቃትም።"

አንጀቴን በላችው። ያንቺም እንዲሁ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ግን ደብቄሽ አንዴ ያየሽውን አይተሻል፤ ከእንግዲህ አልደብቅሽም።

ስሚኝ። በሻንጣ ጭኜ ብልክልሽ ትመጣልሻለች፤ ታዛዥ ናት። ከዚያስ? አንቺ ምድር ቤት፣ እሷ መስኮት ሥር። ይህ ከተማ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ የተማረው በዚያ ገደል ውስጥ ነው። ሰው ለመግባባት ጊዜና አብሮ የሚሠራው ሥራ ይፈልጋል፤ ድንኳን መትከል፣ ውሃ መቅዳት፣ ሾርባ ማማሰል። ለባዕድ የረዳ ነገር ለእናትና ልጅ አይረዳም? ፈቃዱን አስራዝሚው። ለካምፑ ነይ።

ጋሼሽ

&nbsp;

ጥር 19

ለጋሼ፤

የዘገየሁት ልመልስልህ ስላልፈለግኩ ነው። ለጤናህ ግን ስጸልይ ነበር።

"አላውቃትም" ያለችውን ሳነብ ማድረቂያ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። እዚያ ማሽኑ ስለሚጮህ ሰው አይሰማኝም፤ ጮኼ አለቀስኩ። ያቺ አብራኝ የምታጥፈው ሴት ገባችና ምንም ሳትል የእኔን ድርሻ አንሶላ ሁሉ ብቻዋን አጠፈችልኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ተናድጄ ነበር፤ ባንተ፣ በሴትዮዋ፣ በልጄም ጭምር። ይህን ሁሉ ዓመት ለማን ብዬ ነው እዚህ ምድር ቤት የምቀቀለው አልኩ። አሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም፤ ወጥቶልኛል ብዬ አልዋሽህም።

ልጅ የለህም ያልኩህ ግን ሰው የሚለው ነገር አልነበረም። አንተ ያሳደግካትን ልጅ ነው እየተጣላንባት ያለነው። ይቅር በለኝ።

ፈቃዱን እስከ መስከረም አራዝመውልኛል፤ ከዚያ ወዲያ ግን አይራዘምም፤ ከተቃጠለ ሁለተኛ አይሰጡኝም። አለቃዬን ለምኜ የአንድ ወር እረፍት አግኝቻለሁ። ሐምሌ ላይ እመጣለሁ። ባለምድጃውንም ሚስቱንም ሰላም እላለሁ፤ ከዚያ በላይ አትጠብቅብኝ።

ግን ዕጣ ውስጥ አታስገቡኝም። እኔ ከልጄ ጋር በአንድ ድንኳን ነው የምተኛው። ስንት ዓመት ሙሉ የናፈቅኳትን ልጅ አጠገቧ ደርሼ ለሌላ ሰው ድንኳን አላስረክብም። ሕጉ ያንተ ነው፤ ለእኔ ስትል አንዴ እጠፈው። ይህን ካልፈቀዳችሁ አልመጣም።

እህትህ

&nbsp;

የካቲት 16

ለእህት ዓለም፤

መንገድሽ የተቃና ይሁን፤ አለቃሽም ሐሳቡን አይለውጥ። ይቅር ያልኩሽ ገና ሳትጠይቂኝ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቀድመሽ ጠይቂ።

ደብዳቤሽን ይዤ የካምፑን ኮሚቴ ሰበሰብኩ። ሱቄ ውስጥ፣ ሸራ ላይ ነው የተቀመጥነው። ያልሽውን ነገርኳቸው። ስናገር አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ በዚያ ሕግ ስንቱን ሳስጨንቅ የኖርኩ ሰውዬ! መጀመሪያ የተናገረችው ትኬት ቆራጯ ናት። "እናትና ልጅ ምን ዕጣ አለባቸው?" አለች። ፀጉር አስተካካዩ "ጋሼ ሲለሰልስ ለማየት በቃሁ፤ ከእንግዲህ ብሞትም ግድ የለኝም" ብሎ ሳቀብኝ፤ ግን እጁን አነሳ። ባለምድጃውም አነሳ። ሁሉም እሺ አሉ። አንድም ሰው አልተቃወመም።

ድንቢጥ እምቢ አለች።

በሩ አጠገብ ሆና የሸራ ቀለበት ትለቅም ነበር። "እኔ ግን አልተጠየቅኩም" አለች። ሁላችንም ዞርን። የተናገረችውን ልጽፍልሽ ቃል ገብቼላታለሁ፤ "እሷም እንደ ሰው ዕጣ ታውጣ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ድንኳን ብንገባ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም። ቀን ቀን አብረን እንሥራ። ማታ ግን የምሄድበት ይኑረኝ። ስለምዳት ራሴ እመጣለሁ።"

"ካልለመድሻትስ?" አላት ያ አፈ ክፍቱ ፀጉር አስተካካይ።

"እኔ እንጃ" አለች።

እህቴ፣ ይህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ብዕር አነሳሁ። አላባብልሽም። ልለምዳት እፈልጋለሁ ማለቷ ነው ብዬ እኔ ደስ ብሎኛል፤ አንቺን ግን እንደሚወጋሽ አውቃለሁ። "ካልፈቀዳችሁ አልመጣም" ብለሻል። እኛ ፈቅደናል። ያልፈቀደችው እሷ ናት። እንግዲህ የምትሆኚውን ሁኚ።

ጋሼሽ

&nbsp;

መጋቢት 9

ለጋሼ፤

ሰላም ላንተና ለቤትህ ሁሉ ይሁን፤ ለኮሚቴውም ጭምር።

ቆሽቴ አሯል፤ ግን ልጅቱ ትክክል ናት። ማታ ማታ አቅፌያት፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያልነገርኳትን ላወራላት፣ ላለቅስላት፣ ይቅር ላስብላት ነበር ያሰብኩት። እንዴት አወቀችብኝ? ሳታውቀኝ አወቀችኝ። እሷን ግን እኔ አላውቃትም፤ ሲናገሯት አስባ እንደምትመልስ እንኳ ካንተ ደብዳቤ ነው የተማርኩት።

ስሜን ከረጢቱ ውስጥ ክተተው። የማን ልጅ እንደሚደርሰኝ አላውቅም፤ የላይ ሰፈርም ቢሆን ይሁን። ማታ እግሩ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ እንደሆነ እነሳለሁ፤ ያን ያህል አልረሳሁም። እሷ ከመስከረም በፊት ትለምደኝ እንደሆነ ፈጣሪ ያውቃል። ባትለምደኝ ፈቃዱ ይቃጠል፤ በሻንጣ ጭነህ እንዳትልክልኝ። እሱንም ንገራት፤ ከአሁኑ ትወቀው።

የጉዞ ትኬቴን ቆርጬ ስመለስ ከሥራዬ ፊት ለፊት ያለው ጫማ ቤት ገባሁ። ባዶ እጄን አልመጣባት ብዬ ነው። ለሣርም ለጭቃም የሚሆን ቆንጆ ጫማ አየሁ። ሻጯ "ቁጥሯ ስንት ነው?" አለችኝ። ጫማውን አገላበጥኩት። "ዕድሜዋስ?" አለችኝ፤ እሱን ነገርኳት። "በዕድሜ አይሆንም እኮ፤ እግር እንደየሰው ነው" አለችኝ። ጫማውን ይዤ ቆሜ ቆሜ፣ መልሼ አስቀምጬው ወጣሁ።

አንተን አልጠይቅህም፤ አንተ የምታውቀው የመኪና ልክ ነው። የጫማ ቁጥሯን ትኬት ቆራጯን ጠይቅልኝ። ለራስህ እንደምትፈልገው አድርገህ እንዳትጠይቃት ደግሞ። እኔ ነኝ የጠየቅኳት፤ እናቷ ናት የጠየቀችሽ በላት።

እህትህ